የከተማችንን ባቡር በሰው አገር ድምፅ አትንዱት

ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ በምታወጡት ገጽ ላይ ቦታ ከተገኘ፣ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በባቡር መንዳት ጨዋታ ውስጥ ለሚሠሩ ወጣቶች ይህችን ደብዳቤ አድርሱልን። መልኩን አሳምረው ይሠሩታል። ለገሃር አለ፣ የስታዲየሙ ድልድይ አለ፣ የሰረገላው ቀለም ሳይቀር ልክ ነው። ኃይል ሰጥተው ሲነሱ ግን የሚሰማው የቶኪዮ ዳርቻ ባቡር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚሠሩበት ነፃው ጨዋታ ኦፕን ቢቪኢ መነሻው ቢቪኢ የተባለው የጃፓን ጨዋታ ስለሆነ በነፃ የሚገኘው የድምፅ ክምችት አብዛኛው የዚያው አገር ነው። አንዳንዱ ጥቅል የሐዲድ መገጣጠሚያ ኳኳታ ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡራችን የሚሄደው ግን በተበየደ ሐዲድ ላይ ነው። ኳኳታው በ1909 ዓ.ም. ለገሃር ለደረሰው ለባለ አንድ ሜትር ስፋቱ የድሮ ሐዲድ ነበር የሚገባው።

የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው የሚያስገቡም አሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ስህተት ላይ ይወድቃሉ። ጨዋታው ራሱ የሚሠራውን ሥራ ቀድመው ፋይሉ ውስጥ ሠርተው ያስቀምጡታል። ጨዋታው ድምፁን እንደ ፍጥነቱ ያቀጥናል፣ ያወፍራል፤ እንደ ርቀቱ ያጎላል፣ ያሳንሳል፤ ባቡሩ አልፎ ሲሄድ ድምፁ ወረድ የሚልበትንም ያሰላል። ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያልፍ ባቡር ቀድቶ ማስገባት ጨው በገባበት ወጥ ላይ ጨው መጨመር ነው። ጨዋታው የሚፈልገው ደረቅ ድምፅ ነው፦ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በሞኖ የተቀዳ፣ ማስተጋቢያ ያልተጨመረበት። ስቴሪዮ ፋይል ከግራም ከቀኝም አቅጣጫ የሚይዝ ቢመስልም፣ ድምፁን በቦታው የሚያስቀምጠው ጨዋታው ስለሆነ ትርፉ ፋይሉን ማወፈር ብቻ ነው።

ከመንኮራኩሩ እንጀምር፤ ትልቁ ብልሽት ያለው እዚያ ነው። በኦፕን ቢቪኢ የመንኮራኩር ድምፅ በተቀዳበት ቅጥነት የሚሰማው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በ45 ሲነዳ ፋይሉ በግማሽ ፍጥነት፣ በ30 ሲነዳ በሲሶ ይጫወታል። የእኛ ባቡር ደግሞ ከ70 አያልፍም። ስለዚህ በ45 የተቀዳ ድምፅ እንዳለ ከገባ፣ በጨዋታውም በ45 ሲነዳ ወፍሮ ያጉረመርማል። ይህን የማይክሮፎን ጥፋት አድርጎ ቤዝ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ጉርምርምታው ግን አይለቅም፣ ድምፁ ብቻ ይሳሳል። መድኃኒቱ 90ን ለተቀዳበት ፍጥነት ማካፈል ነው። 90 ለ45 ሲካፈል 2 ይሆናል። ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ፍጥነትንና ቅጥነትን አብሮ በሚለውጠው ኢፌክት ማባዣውን 2 ማድረግ ነው። ቅጥነትን ብቻ ወይም ርዝመትን ብቻ የሚለውጡት ሌሎቹ ኢፌክቶች ድምፁን እየቆራረጡ ስለሚሰፉት የብረት መንቀጥቀጥ ይተዉበታል፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ማባዣው በጨመረ ቁጥር ኪሳራ አለ። በ48,000 ኸርዝ የተቀዳ ፋይል የሚይዘው እስከ 24,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። በ30 ተቀድቶ በ3 ከተባዛ፣ መጀመሪያ ከ8,000 በላይ የነበረው ፉጨት ሁሉ ከጣሪያው አልፎ ይጠፋል። ስለዚህ ከ45 እስከ 60 ባለው ፍጥነት መቅዳት ይመረጣል። በ45 ባቡሩ በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ለ16 ሰከንድ ንጹሕ ቅጂ 200 ሜትር ቀጥ ያለ፣ ፍጥነት የማይለዋወጥበት መንገድ ያስፈልጋል። በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በስታዲየም መካከል ፌርማታዎቹ ስለሚቀራረቡ ባቡሩ ፍጥነት ያዘ ሲባል ፍሬን ይያዛል። ወደ አያት ወይም ወደ ቃሊቲ ወጣ ማለት ይሻላል። ይሁን እንጂ በኮንክሪት ድልድይ ላይ ያለው ድምፅ መሬት ላይ ካለው ይለያል፤ የመሃል ከተማው ክፍል ደግሞ አብዛኛው ድልድይ ነው። ሁለት ፋይል ማዘጋጀት ነው እንግዲህ፦ 0 ለመሬቱ፣ 1 ለድልድዩ። እነዚህን ቁጥሮች በመስመሩ ፋይል ከሐዲዱ ዓይነት ቁጥር ጋር ማገናኘት ነው፤ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ጨዋታው ራሱ ይቀይራቸዋል። ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲጠጋ ለሚገባበት የምድር ውስጥ ክፍልም ሦስተኛ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ጨዋታው ድምፁን ራሱ ስለሚያሳንሰው ፋይሉን መጀመሪያው ላይ ማደብዘዝ አያስፈልግም።

ሲቀዱ ሰረገላው ውስጥ የት ይቀመጡ? እንዲህ ባለ ባለ ሦስት ክፍል ትራም ሞተሮቹ በሁለቱ ጫፍ ናቸው፤ የመሃሉ ቦጂ (መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ክፍል) ሞተር የለውም። ለመንኮራኩር ድምፅ መሃል፣ ለሞተር ድምፅ ጫፍ ላይ መሆን ነው።

የሞተሩ ድምፅ የሚገዛው በሌላ ሕግ ነው፤ ሰንጠረዡን የምንጽፈው እኛው ነን። «ትሬን ዳት» በሚባለው ፋይል ውስጥ አራት የሞተር ሰንጠረዦች አሉ፤ ፒ1 እና ፒ2 ኃይል ሲሰጥ፣ ቢ1 እና ቢ2 ፍሬን ሲያዝ ይሠራሉ። እያንዳንዱ መስመር በሰዓት 0.2 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ እስከ 70 ለመድረስ 350 መስመር ይሞላል። በየመስመሩ ሦስት ቁጥር አለ፦ የፋይሉ ተራ ቁጥር፣ ቅጥነት፣ ጉልህነት። ቅጥነት 100፣ ጉልህነት 128 ከተባለ ፋይሉ እንዳለ ይሰማል። በ30 ኪሎ ሜትር የተቀዳ የጊርስ ድምፅ ካለ በ150ኛው መስመር ቅጥነቱ 100፣ በ75ኛው 50፣ በ225ኛው 150 ይሆናል። ከ50 ማውረድም ሆነ ከ200 ማስበለጥ ደግ አይደለም፤ ድምፁ የማሽን መሆኑ ይቀራል። በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፍጥነት ሦስት ፋይል ቀድቶ ማቀባበል ይሻላል። መስመሮቹን በእጅ ከመጻፍ ከጨዋታው ጋር በሚመጣው የባቡር ማስተካከያ ፕሮግራም በግራፍ መሳል ይቀላል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ። ባቡሩ ከላይ ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ይቀበልና ኢንቨርተሩ ወደ ተለዋዋጭ ከረንት ቀይሮ ሞተሩን ያዞራል። እንዲህ ባሉ ኢንቨርተሮች ሲነሱ የሚሰማው ፉጨት የሚመጣው ከማብራትና ማጥፋቱ ድግግሞሽ እንጂ ከመንኮራኩሩ አይደለም፤ ባቡሩ ቢፈጥንም ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ይቆያል። የጊርሱ ድምፅ ግን ከፍጥነቱ ጋር ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱን በአንድ ፋይል አድርጎ ከፍጥነት ጋር ማሰር ፉጨቱንም አብሮ ይስበዋል፤ ያኔ የየትኛውም አገር ባቡር አይመስልም። ፉጨቱን በፒ1 ቅጥነቱን 100 ላይ አስሮ፣ ጊርሱን በፒ2 እየጨመሩ ማስገባት ነው። ሁለቱ ሰንጠረዦች በአንድ ጊዜ ስለሚጫወቱ ይዋሃዳሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጆሮ ከተጠራጠረ ኦዳሲቲ ላይ የድምፁን ቅጥነት በሥዕል የሚያሳየውን የስፔክትሮግራም እይታ መክፈት ነው፤ አግድም የተኛው መስመር ፉጨቱ፣ ሽቅብ የሚሳበው ጊርሱ ነው። ለመለየት የድምፅ ማጣሪያ ሲጠቀሙም ይኸው ሥዕል ከየት እስከ የት እንደሚቆረጥ ያሳያል።

ስለ ቀረጻው ጥቂት። የስልክ የድምፅ መቅጃ የሰውን ንግግር ለማጥራት የተሠራ ስለሆነ የማያቋርጠውን የሞተር ድምፅ «ጫጫታ» ብሎ ያጠፋዋል፤ ዝም ሲባል ያጎላል፣ ሲጮህ ይቀንሳል። ይህን ማጥፋት የሚያስችልና ድምፁን ሳይጨምቅ በዌቭ ፋይል የሚቀዳ መተግበሪያ መምረጥ ነው። 48,000 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ከሆነ በደቂቃ 5.8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አይከብድም። ከፍተኛው ጩኸት ከመቅጃው ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይሁን፤ አንዴ የተቆረጠ ጫፍ አይጠገንም። ስልኩን መስኮት ወይም መያዣ ብረት ላይ ማስደገፍ የዚያን ብረት መንቀጥቀጥ መቅዳት ነው፤ በእጅ ወይም በታጠፈ ሹራብ ላይ ይሁን። ፍጥነቱን በጂፒኤስ እያዩ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ጂፒኤሱ ዘግየት ስለሚል ባቡሩ ፍጥነቱን ይዞ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ የሚያሳየውን ብቻ ማመን ነው። እሑድ ጠዋት የሚኒባሱ ክላክስ ጋብ ይላል፤ በልደታና በእስጢፋኖስ አጠገብ ግን የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ አለና ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል። የተሳፋሪ ወሬ የገባበትን ክፍል ቆርጦ መጣል ግድ ነው፤ ሰው ሳይፈቅድ ድምፁን ማሰራጨት ነውር ነው።

ቅጂ ስትለዋወጡ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ድምፅ መልእክት ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል። ኤምፒ3ም ሲያልቅ ከመጀመሪያው እየተደገመ ለሚዞር ድምፅ አይሆንም፤ ሲጨመቅ መጀመሪያው ላይ ቅንጣት ዝምታ ስለሚጨመርበት ፋይሉ ዞሮ በጀመረ ቁጥር ይቋረጣል። ዌቭ ወይም ፍላክ ይሁን። መጋጠሚያው ጠቅ እንዳይል የተመረጠውን ክፍል ጫፎች ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ላይ ማድረግ ነው፤ ኦዳሲቲ ላይ የዜድ ቁልፍ ይህን ራሱ ይፈልጋል። በቂ ካልሆነ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰከንድ ቆርጦ በመጀመሪያው ላይ መደረብ፣ አንዱን እያደበዘዙ ሌላውን እያጎሉ። ከዚያ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እያዞሩ ማዳመጥ፤ አንዲት ሲጥታ እንኳ ካለች ፋይሉ በዞረ ቁጥር ትመለስና ታስታውቃለች።

ፋይሎቹን ከባቡሩ ጋር የሚያገናኘው «ሳውንድ» የሚባለው የሲኤፍጂ ፋይል ነው። የመጀመሪያው መስመር «ቨርዥን 1.0» በላቲን ፊደል ተጽፎ መገኘት አለበት። የድምፅ ፋይሎቹንም በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ መሰየም ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ግን ይለያል፤ አንዱ ጋ የሚሰማው ሌላው ጋ ድምፅ አልባ የሚሆነው በዚህ ነው።

ኦፕን ሬይልስ በተባለው ሌላ ነፃ የባቡር ጨዋታ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ድምፆቹን በሚያዝዘው «ኤስኤምኤስ» በሚባለው ፋይሉ (የስልክ መልእክት አይደለም) ውስጥ የቅጥነት ነጥቦች የሚጻፉት በኸርዝ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰከንድ ሜትር ነው። በ22,050 የነበረን ድምፅ በ44,100 በተቀዳ ቀይሮ ነጥቦቹን እንዳሉ መተው ድምፁን በግማሽ ያወርደዋል።

የፌርማታ ማስታወቂያው ቀላል ነው። በኦፕን ቢቪኢ የመስመር ፋይል ከማስታወቂያው ፋይል ስም ቀጥሎ የሚጻፈው ፍጥነት 0 ይሁን፤ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ «ቀጣዩ ፌርማታ» የሚለው ድምፅ ከባቡሩ ጋር ይቀጥናል፣ ይወፍራል። ስለ ፍሬን ደግሞ፦ ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ብዙ ትራሞች የሚሠሩት በሃይድሮሊክ ፍሬን ስለሆነ፣ በጆሮ ሳያረጋግጡ ከሌላ ባቡር የአየር «ፍስስ» እና የኮምፕረሰር ድምፅ ማምጣት አይገባም። ያልተሰማ ክፍል ባዶ ቢቀር ጨዋታው አይበላሽም።

በተሳፋሪነት የማይገኙ ድምፆች አሉ፦ ክላክሱ ከመነሻው እስከ መቆሚያው ለብቻው፣ በሩ ባዶ ሰረገላ ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የአሽከርካሪው እጀታ፣ ድንገተኛ ፍሬን። ክላክሱ በተለይ በአዳዲሶቹ የጨዋታው ስሪቶች መነሻ፣ መሃልና መጨረሻ ተብሎ በሦስት ፋይል ስለሚገባ ያለ ሌላ ጩኸት መቀዳት አለበት። ባቡሩን የሚያስተዳድረው አካል በቃሊቲ ወይም በአያት ዴፖ፣ አገልግሎት ካበቃ በኋላ፣ አንድ ተሽከርካሪ ከአንድ አሽከርካሪ ጋር ለሁለት ሰዓት ቢፈቅድ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሰበሰባል። ፈቃድ የሚጠይቁትም የሚቀዱትን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ያልተነካካውን ቅጂ አንድ ግልባጭ ለድርጅቱ እንደሚያስረክቡ ቢገልጹ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ይሰፋል። እያንዳንዱ ፋይል ቀኑን፣ የሰረገላውን ቁጥር፣ ፍጥነቱንና ማይክሮፎኑ የነበረበትን ቦታ በስሙ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር
ስማችን በዝግጅት ክፍሉ የተያዘ
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ