ለቅዳሜው ጥናት፦ ምርጫና ነጻ ፈቃድ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፈረንጅ አራዳ በተለመደው ቤት እንገናኛለን። ባለፈው ያልጨረስነውን ጥያቄ እንቀጥላለን፦ የዳንነው እግዚአብሔር ስለመረጠን ነው ወይስ እኛ ስላመንን?

ሮሜ 9ን እና 1ኛ ጢሞቴዎስ 2ን አንብባችሁ ኑ። አንዱ ምሕረት ከሰው ሩጫ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ሌላው እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ እንደሚወድ። ሁለቱንም ሳንሸሽ እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ በዶርድሬክት የተደረገው ጉባኤ ሰው የእግዚአብሔርን ጸጋ መቀበልም እምቢ ማለትም ይችላል የሚለውን የሆላንዳዊው የሥነ መለኮት ሊቅ የአርሚንዮስ ተከታዮችን ትምህርት ውድቅ ቢያደርግም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ስለዚህ "ካልቪናዊ" (የእግዚአብሔርን ምርጫ የሚያስቀድም)፣ "አርሚናዊ" (የሰውን ነጻ ፈቃድ የሚያጎላ) እየተባባልን ስም አንለጣጠፍ።

ባለፈው አንዲት እህታችን ጣቷን ሮሜ 9 ላይ እንዳደረገች "ታዲያ ወንድሜ አልተመረጠም ማለት ነው?" ብላ ድምጿ ተቆረጠ። እኛ ግን ወደ ክርክራችን ተመለስን። ይህ ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። ቅዳሜ ከእሷ ጥያቄ እንጀምር፤ ቀድመንም ለእሷና ለወንድሟ እንጸልይ።

መጽሐፍ ቅዱስና ደብተር ያዙ። ርዕሱን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰው ወይስ በሁለት? የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። ቡና የሚያፈላም ሰው እንፈልጋለን፤ የሚችል ይጻፍልኝ።