የላውድሩፕን ጉዞ የወሰነው የውጭ ተጫዋቾች ኮታ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ዴንማርካዊው አማካይ ሚካኤል ላውድሩፕ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አምደኛው ስለ ተጫዋቹ የኳስ ጥበብ የጻፉት የሚያስመሰግናቸው ነው፤ በሁለት ነጥቦች ላይ ግን ልስማማ አልቻልኩም። የመጀመሪያው ላውድሩፕ በ1994 አቴንስ ላይ በተካሄደው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ያልተሰለፈው አቋሙ ስለ ወረደ ነው መባሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ መሻገሩ እንደ ክህደት ብቻ መታየቱ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሰው በባሕር ማዶ ያሳለፈው የእግር ኳስ ዘመን በአግባቡ እንዲታወቅ ከተፈለገ፣ አስቀድሞ መነገር ያለበት በጊዜው ክለቦችን ያስር የነበረው የውጭ ተጫዋቾች ኮታ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላመልክት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአቴንስ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ላውድሩፕ በአገሩ ክለብ በብሮንድቢ ስሙን ካስጠራ በኋላ በ1983 የጣሊያኑ ጁቬንቱስ ገዛው፤ ዕድሜው ገና አሥራ ዘጠኝ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የጣሊያን ክለብ ከሁለት በላይ የውጭ ተጫዋች መያዝ አይፈቀድለትም። ጁቬንቱስ ደግሞ ሁለቱንም ቦታ በፈረንሳዊው ሚሼል ፕላቲኒና በፖላንዳዊው ዝቢግኒየቭ ቦኒየክ ሞልቶታል። ስለዚህ ክለቡ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ልጅ ለራሱ ሊያሰልፈው አልቻለምና፣ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ገና ላደገው ላዚዮ በውሰት ሰጠው። ላዚዮ የመጀመሪያውን ዓመት ለጥቂት ተርፎ በሁለተኛው ዓመት ወረደ። በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉት ወጣቶች አንዱ የነበረው ተጫዋች ሁለት ዓመት ሙሉ ላለመውረድ ሲታገል የከረመው በችሎታ ማነስ ሳይሆን፣ የሁለት ሰው ወንበር አስቀድሞ በመያዙ ነው።

በ1985 ቦኒየክ ወደ ሮማ ሲሄድ ቦታው ተከፈተ፤ ላውድሩፕም ወደ ጁቬንቱስ ተመልሶ በዚያው የውድድር ዓመት የሴሪኤን ዋንጫ አነሳ። በዲሴምበር 1985 ቶኪዮ ላይ ከአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ጋር በተደረገው የአህጉራት ዋንጫ፣ ቡድኑ 2 ለ 1 እየተመራ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ግብ ጠባቂውን አልፎ ከግቡ መስመር አጠገብ፣ ማዕዘኑ እጅግ ከጠበበ ቦታ፣ አቻ የምታደርገውን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነበር። (በመለያ ምቱ ላይ የራሱን ፍጹም ቅጣት ምት እንደ ሳተ መሸሸግ አያስፈልግም፤ ዋንጫው ግን የጁቬንቱስ ሆነ።) እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስበው የምፈልገው፣ ይህ ተጫዋች ከሁለት ዓመት በፊትም ያው ተጫዋች እንደነበር ነው።

ወደ አቴንስ ልመለስ። ላውድሩፕ በ1989 ባርሴሎና ሲገባ አሠልጣኙ ዮሃን ክራይፍ ነበሩ። ከ1991 እስከ 1994 ክለቡ በተከታታይ አራት የላሊጋ ዋንጫዎችን ወሰደ፤ በሜይ 1992 ደግሞ ዌምብሌይ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ሮናልድ ኩማን በመታት ቅጣት ምት ሳምፕዶሪያን 1 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አገኘ። በዚያ ፍጻሜ ላውድሩፕ፣ ኩማንና ቡልጋሪያዊው ስቶይችኮቭ አብረው ተሰልፈዋል፤ የተፈቀዱት ሦስት የውጭ ተጫዋቾችም እነሱ ነበሩ። ችግሩ የመጣው በ1993 ብራዚላዊው ሮማሪዮ ሲጨመር ነው። ከዚያ በኋላ አራት ሰዎች ለሦስት ቦታ መፎካከር ግድ ሆነባቸው፤ በየሳምንቱም ከአራቱ አንዱ ከጨዋታ ውጭ ይሆን ጀመር። ሮማሪዮ በዚያ ዓመት በላሊጋው 30 ጎል አስቆጥሯል፤ እሱን ማስቀረት የሚታሰብ አልነበረም። ኩማን ከኋላ ሆኖ ጨዋታውን የሚጀምርና ቅጣት ምት የሚመታ ስለሆነ እሱም አይነካም። ስለዚህ ፍልሚያው በስቶይችኮቭና በላውድሩፕ መካከል ሆነ፤ ሜይ 18 ቀን 1994 የተሸነፈው ላውድሩፕ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አልነበረም። ኤሲ ሚላን በማሳሮ ሁለት፣ በሳቪሴቪችና በዴሳዪ አንዳንድ ጎሎች 4 ለ 0 አሸነፈ።

አምደኛው ያላነሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ ብራያን ላውድሩፕ በዚያው ዓመት የሚላን ተጫዋች ነበር። ሚላንም ከሦስት በላይ ብዙ የውጭ ተጫዋቾች ስለነበሩት ዴሳዪን፣ ሳቪሴቪችንና ቦባንን መርጦ ብራያንን ከዝርዝሩ አስወጣው። እናም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ፍጻሜ፣ በሁለቱም ወገን የነበሩት የአንድ ቤት ልጆች ሁለቱም ሜዳ ሳይገቡ ቀሩ። ይህን በአቋም መውረድ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ደንቡ ደግሞ በስተኋላ ሕገ ወጥ ሆኖ መገኘቱን አንባቢ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ዲሴምበር 15 ቀን 1995 በሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅየማዊው ተጫዋች በዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ክለቦች የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን ዜጎች በኮታ መገደብ እንደማይችሉ ደነገገ፤ ይህ የሠራተኞችን በነፃ የመዘዋወር መብት ይጥሳልና። ዴንማርክ ኅብረቱን፣ ያኔ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ይባል የነበረውን፣ የተቀላቀለችው በ1973 ነው። በዚህ ሚዛን ቢታይ፣ በ1983 ጁቬንቱስ ውስጥ በውጭ ዜግነት መቆጠር የነበረበት ቦኒየክ ብቻ ነው፤ ፕላቲኒም ላውድሩፕም ነፃ ናቸው። በአቴንስም የሚቆጠሩት ስቶይችኮቭና ሮማሪዮ ሲሆኑ፣ ኔዘርላንዳዊው ኩማንና ዴንማርካዊው ላውድሩፕ አይቆጠሩምና አራቱም ያለ አንዳች ገደብ አብረው በተሰለፉ ነበር። ውሳኔው የዘገየው አሥራ ዘጠኝ ወር ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ስል ክራይፍ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት መሻከሩን በጊዜው ጉዳዩን የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአራቱ ማን እንደሚቀር የወሰኑትም አሠልጣኙ እንጂ ደንቡ አልነበረም። ሆኖም አንድ አሠልጣኝ ከአራት ምርጦች አንዱን እንዲጥል በየሳምንቱ ሲገደድ ቂም መፈጠሩ የማይቀር ነው። የላውድሩፕ ውል በዚያው ክረምት አለቀ፤ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ማድሪድ ሄደ። ውሉን ጨርሶ በነፃ የሄደን ሠራተኛ፣ ያውም በትልቁ ጨዋታ ቦታ የተነፈገውን፣ በክህደት መክሰስ ከፍትሕ ይልቅ ለደጋፊ ስሜት ማድላት ይመስለኛል። ያደረገውም ነገር በሜዳ ላይ የታየ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1994 ባርሴሎና ሪያል ማድሪድን 5 ለ 0 ሲረታ በባርሴሎና ማልያ ነበር፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 1995 ሪያል ማድሪድ ባርሴሎናን በዚያው 5 ለ 0 ሲመልስ፣ ዛሞራኖ ሦስት ሲያገባ፣ በነጩ ማልያ ነበር። በዚያ ዓመት ማድሪድ ሻምፒዮን ሲሆን ላውድሩፕ በሁለት ክለቦች አምስት ተከታታይ የላሊጋ ዋንጫዎችን አነሳ።

እሱን በጭፍን ለመከላከል አለመነሳቴ ይታወቅልኝ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ኮታ በሌለበት በብሔራዊ ቡድን ራሱን ያስቀረው ራሱ ነው። በ1990 ከአሠልጣኙ ከሪቻርድ ሞለር ኒልሰን ጋር በአጨዋወት ባለመስማማቱ ቡድኑን ለቀቀ። ብራያን አብሮት ከወጣ በኋላ ተመልሶ ገባ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። በዩጎዝላቪያ ምትክ በመጨረሻ ሰዓት የተጠራችው ዴንማርክ በጁን 1992 ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን በቡድኑ ውስጥ የለም። በ1993 ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ዕድል አላገዘውም። በኖቬምበር 1993 ሴቪያ ላይ የስፔኑ ግብ ጠባቂ ዙቢዛሬታ ገና በጨዋታው መጀመሪያ የባርሴሎና ባልደረባውን ላውድሩፕን ጠልፎ በቀይ ካርድ ቢወጣም፣ አሥር ሰው የቀራት ስፔን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ዴንማርክም ከአየርላንድ ጋር በነጥብም በጎል ልዩነትም እኩል ሆና ባገባችው ጎል ብዛት ተበልጣ የ1994ቱን የዓለም ዋንጫ አጣች። ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ያነሳው ዋንጫ በጃንዋሪ 1995 ሪያድ ላይ አርጀንቲናን 2 ለ 0 ሲረቱ ያገኙት ነው፤ የመጀመሪያዋን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው እሱ ነበር።

ከማድሪድ በኋላ በጃፓን ለቪሰል ኮቤ ተጫውቶ፣ በ1997 ወደ አያክስ መጣ። አሠልጣኙ በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ አብሮት የተጫወተው ዴንማርካዊው ሞርተን ኦልሰን ነበር። በዚያን ጊዜ የቦስማን ውሳኔ ሥራ ላይ ውሎ ስለነበር ዜግነቱን የሚቆጥርበት አልነበረም፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ የሊጉንም የጥሎ ማለፉንም ዋንጫ አነሳ። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ዴንማርክ ናይጄሪያን 4 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ተቀይሮ የገባው ኤቤ ሳንድ ደቂቃ ሳይሞላው ያስቆጠራትን ጎል ኳሷን ቀስ አድርጎ በተከላካዮቹ ራስ ላይ ያሻገረለት ላውድሩፕ ነበር። ያን ጨዋታ ያየ ሰው፣ ተጫዋቹ ከአራት ዓመት በፊት አቴንስ ላይ አቋሙ ወርዶ ነበር መባሉን ለመቀበል ይቸገራል።

ስለዚህ የስፖርት ክፍላችሁ ጽሑፉ በሚቀጥለው እትም ሲቀጥል፣ የኮታውን ደንብና የቦስማንን ውሳኔ ከአቴንሱ ፍጻሜ ጋር አያይዞ እንዲያቀርብና ስለ አቋም መውረድ የተጻፈውን እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ