ዝም ያለ ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ግፍ እያየ ዝም የሚለውን ሰው «ፈሪ» ወይም «ጨካኝ» ብሎ ማለፍ ይቀለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የሚጥል በሽታ የተነሣበት ሰው ሲጣራ በድምፅ መገናኛ እንዲሰሙ ተደረገ (ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር)። ብቻቸውን የሰሙ ከመሰላቸው 85 በመቶው፣ ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶው ብቻ ድምፁ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ተነሡ። ካልተነሡትም የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር!

እኔም አንዲት ባልደረባችን በስብሰባ ላይ ያለ ጥፋቷ ስትወነጀል ዝም ካሉት አንዱ ነኝ። እርስ በርስ ተያየን፤ እያንዳንዳችን የሌላውን ዝምታ እንደ ስምምነት ቆጠርነው። ከበር ስንወጣ ግን ሁላችንም «ግፍ ነው» አልን። እሷ ቀድማን ወጥታ ነበርና አልሰማችንም።

አንድ አንባቢያችሁ