ቁልፉ ከመንጠልጠሉ በፊት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ክረምቱ ሲወጣ ትንሽ ለቀቅ አድርጓታል። ትናንት ማታ አጎትሽ ከፍራንክፈርት ደውሎ፣ «የኮምፒውተር ጨዋታ ስቱዲዮዋ መዘጋቱ አይቀርም፤ እሷ ግን ለሠራተኞቹ ትንፍሽ አላለችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምታድረው» አለኝ። እሱን እንዳትቆጪው፤ ጨቅጭቄ ያናዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሌላው ይደርሳል፤ ይቺን ግን አስቀድሜ ልበል። ለልጆቹ ንገሪያቸው። አራቱም ሠራተኞችሽ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ካንቺው አፍ ይስሙ። በኢሜይል እንዳይሆን።

ጨዋታሽን የጎረቤት ልጅ ከፍቶ አሳይቶኛል። የጣርማ በርን ጉም ሳይ፣ ልጅቷ ፍየሏን ስትጣራም የአያትሽን ድምፅ ስሰማ መነጽሬን አወለቅኩ። ከመጀመሪያው ድልድይ ግን አላለፍኩም፤ ሦስቴ ገደል ገባሁ፤ ልጁም ሳቀብኝ። እሱ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰው። በስልክ ያማረርሽብኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ መደብር የገዛ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይጫወት፣ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ገንዘቡ ይመለስለታል። ያንቺ ጨዋታ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይሞላም! በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ «ሒሳቤን መልሱልኝ» የሚል እንግዳ ማለት ይሄ ነው። ከተረፈውም ላይ መደብሩ 30 በመቶ ይቆርጣል። በዚህ አምስት ሰው ሊበላ? አልወቅስሽም። «በግድ አስረዝሚው» ያሉሽን አለመስማትሽንም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወድጄዋለሁ።

እዚያው ሙኒክ ስለነበሩት ጨዋታ ሠሪዎች፣ ስለ ሚሚሚዎች፣ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። በፈረንጆቹ 2008 ጀምረው፣ ሥራቸው ተወድሶላቸው፣ በነሐሴ 2023 «ሻዶው ጋምቢት» የሚባለውን ጨዋታ አወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ እንዘጋለን አሉ። ወጪው በየጨዋታው እየናረ፣ ገንዘብ ማግኘቱም እየከበደ ሄዷል፤ ሥራው እኛንም ቤተሰባችንንም ጎድቶናል፤ ለሌላ የብዙ ዓመት ሥራ ከመፈረም ይብቃን አሉ። «አባዬ፣ እንደዚያ አሳምረው ሠርተውም?» ብለሽ አለቀስሽብኝ። እኔን የገረመኝ ግን አፋቸውን ሞልተው መናገራቸው ነበር። ለምን እንደገረመኝ ያን ቀን አልነገርኩሽም።

ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ካሴት ቤታችንን ታስታውሺያለሽ። አሁን ሰፈሩ ራሱ ፈርሷል። አንቺ ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብለሽ የካሴት ክር በእስክሪብቶ ታጠነጥኚ ነበር። ያንን ያስተማረሽ ልጅስ ትዝ ይልሻል? ቀጭኑ፣ የስሙኒ ማስቲካ የማያጣልሽ። በኋላ ሲዲ መጣ። ዐሥር አልበም በአንዱ ላይ እየገለበጡ መንገድ ላይ ይሸጡት ጀመር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሲወጣ «ዳንን!» ብዬ እንደገና ካሴት በዱቤ አወረድኩ። አዋጁስ ወጣ፤ ካሴት የሚገዛ ሰው ከየት ይምጣ። የልጁን ደሞዝ «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ሦስት ወር አሳደርኩበት። እሱ እቴ፣ «ጋሼ፣ ችግር የለም» ነው መልሱ። ገበያው እንደሚመለስ በየጠዋቱ የምምልለት እኔ ነኛ! አንድ እሑድ ማታ የቀረውን ዕቃ ጭኜ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ፣ ደብረ ዘይት አክስትሽ ቤት ሄጄ ተደበቅኩ። ሰኞ እንደ ልማዱ በሁለት ሰዓት መጣ። «ጋሼን አሟቸው ይሆናል» እያለ እስከ ማታ በሩ ላይ ቆሞ እንደዋለ የጎን ሱቁ ሰዎች ነገሩኝ።

ለልጆቹ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። አጎትሽ እንዳስረዳኝ፣ በጀርመን ሕግ ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል ካቃተው ሥራ አስኪያጇ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለባት፤ ካሳለፈችው በግሏ ትጠየቃለች። «ትንሽ ልጠብቅ» የሚባል ነገር የለም። ኪሳራው በሕግ ከተያዘ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደሞዝ እስከ ሦስት ወር ድረስ ከሥራ ኤጀንሲው ይሸፈናል። ስታቋቁሙት ያስገባችሁት 25,000 ዩሮ ከሄደ ሄደ፤ ባንኩ በግልሽ ዋስ ሁኚ ቢልሽ ግን እንዳትፈርሚ። ሕንዳዊው ልጅ የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተሳሰረ ነው አላልሽኝም? እንግዲያው ዝም ባልሽ ቁጥር የምታባክኚው የሱን ሥራ መፈለጊያ ቀን ነው። ለእያንዳንዳቸው የሥራ ምስክር ወረቀት አሁኑኑ ጻፊላቸው፤ ቢሮው ከተበተነ በኋላ ማን ይፈርማል? የጨዋታውን ኮድ በሁለት ዲስክ ገልብጪና አንዱን ለአጎትሽ ስጪ። የእናቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም።

ደግሞ ብዪ። አጎትሽ ከስተሻል ብሎኛል። ሽሮና በርበሬ በሰው ልከናል፤ እሱ ዘንድ ይደርሳል፤ ቅዳሜ ሄደሽ ውሰጂ፤ እዚያው እደሪ። የኔ እናት፣ ሠርተሽ ከሰርሽ እንጂ የማንንም አልወሰድሽም። ቤትሽ እዚህ አለ፤ ክፍልሽን አላከራየነውም።

ያን ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ መርካቶ አገኘሁት። የሞባይል ካርድ ይሸጥ ነበር። «ጋሼ!» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ስንተኛ ክፍል እንደደረስሽ ጠየቀኝ። ያን ቀን ኪሴ ባዶ አልነበረም። እኔ ግን ከሱ የሃምሳ ብር ካርድ ገዛሁ። መቶ ብር ብሰጠው መልሱን ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረልኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ባጠያይቅም የሚያውቀው ሰው አጣሁ።

እናትሽ ከፍዬ እንዳሰናበትኩት ነው የምታውቀው። ስትደውዪ ይህን እንዳታነሺባት። ለልጆቹ ግን እስከ ዓርብ ንገሪያቸው፤ ስትጨርሺ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ፤ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

አባትሽ