የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ሰነድ መያዝና የሩብ ዓመት ሪፖርት

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የሠራው ሥራ ለወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የሚታይ ዓይነት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የተያዝነው በሰነድ ነው፦ አንድ ክፍት ምንጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰነዱንና የሥራ ሪፖርቱን እንዴት እንደሚይዝ ማጥናት፣ ከዚያም ያንኑ አሠራር በራሳችን የኮምፒውተር ክፍል ላይ ማዋል። ሚኒ ሚዲያው በየጠዋቱ ድምፁን ያሰማል፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ይተክላል፤ የእኛ አባላት ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ተሰብስበው ነጠላ ሰረዝ ሲያርሙ ይገኛሉ። አሰልቺ ይመስላል፤ አንዳንዴም አሰልቺ ነው።

ለጥናቱ የተመረጠው ፍሪቢኤስዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ሲስተም ሲሆን ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት)፣ መሠረታዊ ትእዛዞቹና የእያንዳንዱ ትእዛዝ የማኑዋል ገጽ በአንድ የምንጭ ኮድ ማከማቻ አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ሲስተሙ ሲጫን ማኑዋሉም አብሮ ይጫናል። ጅማ ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ኔትወርኩ እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሀንድቡክ የሚባለው ትልቁ መመሪያ ግን የሚያዘው በሌላ ማከማቻ ነው። ይህ ማከማቻ በ2020 መጨረሻ ወደ ጊት (ማን ምን መቼ እንደቀየረ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ተዛወረ፤ በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ጽሑፉ ከዶክቡክ ወደ አስኪዶክ ተቀየረ (ሁለቱም የሰነድ መጻፊያ ስልቶች ናቸው)። ከ2001 ጀምሮ የሚወጡት የሥራ ሪፖርቶችም የሚቀመጡት እዚያው ነው። (እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አባል መጀመሪያ የሚማረው የማኑዋሉን የክፍል ቁጥሮች ነው። 1 ተራ ትእዛዞች፣ 2 ሲስተም ኮሎች፣ 3 ላይብረሪዎች፣ 4 ድራይቨሮች፣ 5 የፋይል አጻጻፎች፣ 6 ጨዋታዎች፣ 7 ልዩ ልዩ፣ 8 የአስተዳዳሪ ትእዛዞች፣ 9 የከርነል ውስጠ ነገር። ክሮንታብ (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስጀምረው) የሚለውን ገጽ ቁጥር ሳይጠቅስ የጠየቀ ተማሪ ክፍል 1ን ያገኛል፤ እዚያ ያለው ትእዛዙ እንዴት እንደሚጠራ ብቻ ነው። ደቂቃው፣ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ ወሩና የሳምንቱ ቀን በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ የተጻፈው ክፍል 5 ላይ ነው። «ማኑዋሉ ምንም አይልም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የተሳሳተ ክፍል ከመክፈት ነው።

የራሳችንን ክፍል የሚመለከቱ ገጾች፣ ማለትም የፕሪንተሩ፣ የጋራ ፎልደሩና የባክአፑ፣ የተጻፉት ማኑዋሉ በሚጻፍበት በኤምዶክ ነው። በኤምዶክ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሁሉ የሚታተም ጽሑፍ ሳይሆን ለማሽኑ የተሰጠ መመሪያ ሆኖ ይቆጠራል። የሼል (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይሎች ስማቸው በነጥብ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ስም በአጋጣሚ መስመር መጀመሪያ ላይ ከወደቀ መስመሩ እንዳለ ከገጹ ይጠፋል፤ በተራ ንባብ ጊዜ ማስጠንቀቂያም አይመጣም፣ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ከነጥቡ በፊት \& ማስገባት ነው። የማኑዋል ገጾችን አሰናድቶ የሚያሳየው ማንዶክ በፍተሻ መልክ ሲጠራ እንዲህ ያለውን ጥፋት የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ያወጣል፤ አዲስ ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር አለመጀመሩንም እንዲሁ።

በገጹ አናት ላይ ያለው ቀን የሚታደሰው ይዘት ሲቀየር ብቻ ነው፤ የፊደል ግድፈት የታረመ እንደሆነ አይነካም። አንባቢው ቀኑን የሚያየው «ይህ ነገር ዛሬም ይሠራል ወይ?» ብሎ ነውና፣ ነጠላ ሰረዝ የታረመበት ቀን ለእሱ መልስ አይሆነውም። ይህን ደንብ አባላቱ ለመቀበል ጊዜ ወሰደባቸው፤ የሠሩት ሥራ ያልታየላቸው ይመስላቸዋል። ሥራቸው በጊት መዝገብ ውስጥ ከነስማቸው ተቀምጧል።

በአንድ መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ በአስኪዶክም ግዴታ ነው፤ ፍሪቢኤስዲ ለሰነድ ጸሐፊዎቹ ያወጣው መመሪያ ይጠይቀዋል። ጥቅሙ ለውጥ ሲገመገም ይታያል። አንቀጹ ተያይዞ ተጽፎ አንድ ቃል ከተቀየረና መስመሮቹ እንደገና ከተደረደሩ ጊት አንቀጹን በሙሉ ወጥቶ የገባ አድርጎ ያሳየዋል። ያኔ ገምጋሚው የተቀየረችውን ቃል ሲያድን ይውላል፣ ወይም ሳያነብ ያሳልፋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ያለው አደጋ ግን አራት ነጥብ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ ። ከኪቦርዱ ስለማያገኝ ኮለንን ሁለት ጊዜ ይመታል (::)። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ብዙም አያስታውቅም። በአስኪዶክ ግን :: ከኋላው ባዶ ቦታ ወይም የመስመር መጨረሻ ካለ የመፍቻ ዝርዝር ምልክት ነው። «ኬብሉን ሰኩ:: ከዚያ ማሽኑን አብሩ» ብሎ የጻፈ ሰው ገጹ ሲወጣለት «ኬብሉን ሰኩ» ወፍሮ እንደ ርእስ ቆሞ፣ የቀረው ከሥሩ ገባ ብሎ እንደ ፍቺ ተቀምጦ ያገኘዋል። ሁለት ነጥብን ደጋግሞ መምታትም (፡፡) ሌላ ጣጣ አለው። ለዓይን አራት ነጥብ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቃል መለያዎች ናቸው፤ ። በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር አለው፣ በሄክሳዴሲማል 1362። ስለዚህ ፍለጋም ሆነ መፈተሻ ስክሪፕት ያልፈዋል። አባላት የጻፉት አጭር ስክሪፕት ሁለቱንም እየፈለገ ወደ ። ይቀይራል። የኮድ ምሳሌዎችን ግን እንዲዘል ተደርጓል፤ በአይፒ ቅጽ 6 አድራሻ ውስጥ :: ትክክለኛ ምልክት ነውና ቢነካ አድራሻው ይበላሻል።

በተራ ቁጥር በተጻፉ እርምጃዎች መካከል የትእዛዝ ምሳሌ ሲገባ ቁጥሩ እንደገና ከ1 የሚጀምረው ምሳሌው ከእርምጃው ጋር ስላልተያያዘ ነው፤ በመካከላቸው + ብቻውን ያለበት መስመር ማስገባት ይበቃል። በሀንድቡኩ ምሳሌዎች መጀመሪያ ላይ የሚታየው # ትእዛዙ በሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ)፣ % ደግሞ በተራ ተጠቃሚ እንደሚጻፍ ያመለክታል። የ# ምልክቱን አብሮ ገልብጦ የለጠፈ ተማሪ ምንም መልስ አያገኝም። በኤስኤች ሼል ከ# በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ማስታወሻ ይታለፋል፤ ማሽኑ ዝም ሲል ተማሪው ትእዛዙ የሠራ ይመስለዋል።

ትእዛዝ ወይስ ትዕዛዝ? ሥራ ወይስ ስራ? ለአንባቢ ያው ነው፤ ለፍለጋ ትእዛዙ ለግሬፕ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ ሆሄ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፉትን ገጾች አያገኝም፤ የለም ብሎም አዲስ ገጽ ይጀምራል፣ በዚህም አንድ ጉዳይ ሁለት የማይስማሙ ገጾች ይኖሩታል። ክበቡ የቃላት መዝገብ ከፍቶ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሆሄ ወስኗል። የትኛው ከግእዝ ጋር ይስማማል የሚለው ክርክር ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተትቷል፤ እዚህ የሚፈለገው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚጽፉት አባላት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፦ ሁድሃው (በፊደላት መካከል የሚገባው ጭረት) አንዴ ቀጥ ያለ፣ አንዴ የተቆለመመ ምልክት ሆኖ ይገባል፤ ለፍለጋ ሁለቱ አይገናኙም። ቀጥ ያለው እንዲሆን ተወስኗል።

ማሽን ላይ ያልተሞከረ እርማት አይገባም። ለምን እንደሆነ የሚያሳየው የፕሮክሲው (በመካከል ሆኖ ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ማሽን) ገጽ ነው። በቀድሞው መመሪያ በሩት ሆኖ የፕሮክሲ አድራሻ የሚገባው በሴትኤንቭ ትእዛዝ ነበር። በፍሪቢኤስዲ ቅጽ 13 የሩት ሼል ሲኤስኤች ስለነበር ይሠራል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከወጣው 14.0 ጀምሮ ግን የሩት ሼል ኤስኤች ሆኗል፤ ኤስኤች ሴትኤንቭ የሚባል ነገር አያውቅም፣ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። በእሱ ቦታ ኤክስፖርት ይገባል። እዚህ ላይ የትእዛዙን ስም ብቻ መተካት አይበቃም፤ ሴትኤንቭ ስሙንና አድራሻውን በባዶ ቦታ ሲለይ፣ ኤክስፖርት በ= ያያይዛቸዋል፣ በ= ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ሊኖር አይገባም። ከ13 የተሻሻለ ማሽንና 14 ከባዶ የተጫነበት ማሽን በዚህ ላይ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ገጹ አሁን የሚጀምረው ሼሉ የትኛው እንደሆነ በሚያሳይ መስመር ነው። በዚያው በ14.0 ነባሪው ደብዳቤ ላኪ ከሴንድሜይል ወደ ዲኤምኤ ስለተቀየረ የክሮን መልእክቶችን የሚመለከተው ገጽም እንደገና ተጽፏል።

ከዚህ የተነሳ እያንዳንዱ ገጽ የተፈተነበትን ቅጽ አናቱ ላይ ይጽፋል። በኅዳር 14.2 ሲወጣ ቁጥሩን በአንድ ትእዛዝ በጅምላ መቀየር ይቻል ነበር፤ ክልክል ነው። ገጹ እስኪሞከር ድረስ «14.1» ብሎ ይቆያል።

ሌላው ጠንቅ ሰዓት ነው። በአሮጌ ማሽኖች ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ እንደተሰካ እስካለ ድረስ ምንም አያስታውቅም። መብራት የጠፋ ዕለት ግን ሰዓቱ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ያኔ ጊት ለውጡን በዚያ በድሮው ቀን ይመዘግባል፤ አስተማማኝ ግንኙነት የሚጠይቁ ድረ ገጾችም ሰርተፊኬታቸው ገና ያልጀመረ ስለሚመስል አይከፈቱም። ኤንቲፒዲ (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚወስደው ፕሮግራም) ያስተካክለዋል ብሎ መተው አይሆንም፣ ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ሲበልጥ ራሱን ይዘጋል፤ ሲነሳ አንድ ጊዜ እንዲያስተካክል የሚፈቅደው መስመር በሲስተሙ ማስተካከያ ፋይል በአርሲ ኮንፍ ውስጥ መግባት አለበት። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከጊት መዝገብ በቀን ተለይቶ ስለሚሰበሰብ ቀኑ የተዛባ ሥራ ከሪፖርቱ ይወድቃል፤ ሠሪው ተማሪም «የት ገባ?» ብሎ ይመጣል።

ሩብ ዓመቶቹ የሚዘጉት ማርች 31፣ ጁን 30፣ ሴፕቴምበር 30 እና ዲሴምበር 31 ነው፤ በእኛ መጋቢት 22፣ ሰኔ 23፣ መስከረም 20 እና ታኅሣሥ 22። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት የመስከረሙ 19፣ የታኅሣሡ 21 ይሆናል። በሎግ ፋይል 14:00 ያለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰነዱ ውስጥ የማሽኑ አቆጣጠር ብቻ ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው ማስታወቂያ የእኛው።

የፍሪቢኤስዲ የሩብ ዓመት ሪፖርት አጻጻፍ አጭር ነው፦ ርእስ፣ ማገናኛዎች፣ የሚጠየቀው ሰው አድራሻ፣ ከዚያ ጽሑፉ፤ ስፖንሰር ካለ በመጨረሻ። መግቢያው ፕሮጀክቱን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎ የተሠራው፣ ከዚያ የቀረውና የሚፈለገው እርዳታ። ጽሑፉን የሚልከው ሥራውን የሠራው ሰው ነው፤ የሪፖርት ቡድኑ ይሰበስባል፣ ቋንቋውን ያቃናል፣ በየዘርፉ ይመድባል።

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እየሰማ ያደገ ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚጽፈው መቶኛ ነው። «የፕሪንተሩ ገጽ 85 በመቶ ተጠናቋል።» የምኑ 85? ቀሪው 15 ምንድን ነው? ማን ይሠራዋል? ክበቡ መቶኛ ከልክሏል። በቦታው የገባው ይህ ነው፦ «የፕሪንተሩ ገጽ በዩኤስቢ ለተገናኘ ፕሪንተር በ14.2 ተፈትኗል። በኔትወርክ የሚገናኘውን የሚመለከተው ክፍል ተጽፏል፣ አልተፈተነም፤ ቀለም የለም።» ይህን ያነበበ ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ ከገጠር የሚመጡት አባላት ይቀራሉ፤ የዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት አጭር ሆኖ ወጥቷል፣ ባዶውን ለመሙላት የታከለ ነገርም የለም። «አልተሠራም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

በሀንድቡኩ ውስጥ ስህተት ያገኘ አባል የፍሪቢኤስዲ ስህተት መመዝገቢያ በሆነው በቡግዚላ በሰነድ ዘርፍ ያመለክታል። የገጹ አድራሻ፣ እንዳለ የተገለበጠው ዓረፍተ ነገር፣ ማሽኑ የመለሰው መልእክት ቃል በቃል፣ የሲስተሙ ቅጽ ቁጥር፤ እነዚህ አራቱ ካልተሟሉ አይላክም። የስክሪን ፎቶ ብቻ መላክ አይበቃም፣ ጽሑፉ አይፈለግበትምና።

ለ2018 የተላለፉት ሥራዎች እነዚህ ናቸው። 14.3 በሰኔ መጀመሪያ ስለወጣ በእሱ የተፈተነ ገጽ ገና የለም። ኮንሶሉ ይዞት የሚመጣው የፊደል ስብስብ የእኛን ፊደል ስለማይጨምር የአማርኛ ገጾች የሚነበቡት ግራፊክስ በተጫነባቸው ማሽኖች ብቻ ነው፤ ለኮንሶሉ የሚሆን ፊደል መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ይፈለጋል። የአፋን ኦሮሞ ገጾችን የሚገመግም መምህር እንፈልጋለን። ሲአር2032 ባትሪና የፕሪንተር ቀለም ሊሰጥ የሚችል ወላጅ ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ያስረክብ፤ ባትሪው ከመገዛቱ በፊት በላዩ ያለው ቁጥር 2032 መሆኑ ይታይ፣ 2025 ስፋቱ አንድ ሆኖ ስለሚሳሳ በማቀፊያው ውስጥ ይላላል።