«ለጎደላቸው ብቻ» ያላችሁት ስህተት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ልጆች ቁመት ማጠር ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የእድገት ሆርሞን የሚሰጠው ሆርሞኑ ለጎደላቸው ልጆች ብቻ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሐኪም ቃል በቃል ነግሮኝ፣ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

ልጄ ያለጊዜዋ አልተወለደችም። 39 ሳምንት ሞልቷት 2 ኪሎ ከ100 ግራም ብቻ ሆና መጣች፤ እድገቷ የተጓተተው ገና ማኅፀን ውስጥ እያለች ነው። እንዲህ ትንሽ ሆነው ከሚወለዱት ከ10 ዘጠኙ ገደማ 2 ዓመት እስኪሞላቸው ቁመታቸው ይስተካከላል። የእኔ ልጅ ከቀሩት ናት። በር መቃኑ ላይ በእርሳስ የማሰምርላት መስመር በዓመት ሁለት ጣት ቢጨምር ነው። በ5 ዓመቷ የገዛሁላት ቀሚስ በ7 ዓመቷም ልኳ ነበር። የክፍሏ ልጆች እንደ አሻንጉሊት እያነሱ ያዞሯታል፤ ማታ ማታ «አታንሱኝ ብያቸዋለሁ» እያለች ታለቅሳለች።

ሆርሞኗ ተመርምሮ ደህና ነው ተባለ። አዎ፣ ደህና ነው! የብዙዎቹም እንደዚያው ነው። ለዚህም ነው እንደ እሷ ላሉት መድኃኒቱ ሲፈቀድ ሆርሞናቸው ይጉደል ያልተባለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ፈቅደዋል፤ አሜሪካ ከ2 ዓመት ዕድሜ፣ አውሮፓ ከ4 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር ዘጋቢያችሁ አንድ የልጆች ሆርሞን ሐኪም ጠይቆ ማወቅ እንዴት አቃተው?

መድኃኒቱ ለሁሉም አጭር ልጅ ይሰጥ አላልኩም። በየማታው መርፌ ነው፣ የደም ስኳር ክትትልም አለው። እኔ ራሴ ጭኗን ስወጋት ዓይኗን ጨፍና እስከ አምስት ትቆጥራለች። ግን ሕክምናው ጊዜ አለው፤ የአጥንት ማደጊያው ጫፍ አንዴ ከተዘጋ መርፌው ቁመት አይጨምርም። የባከነብንን ሁለት ዓመት ማን ይመልስልናል?

«ብቻ» የምትለውን ቃል አንሡና እርማት አውጡ። የምጠይቀው በትንሽ ጽሑፍ ጥግ ላይ እንዳትወሽቁት ነው፤ ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ ይውጣ። «ደህና ናት፣ ጠብቂ» ተብላ የተመለሰች ሌላ እናት ልታየው የምትችለው እዚያ ነው።

የአንዲት ልጅ እናት