መኪና በማያልፍበት አገር የአውሮፕላን ትኬት ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከላሊበላ ተነሥቶ አዲስ አበባ መድረስ ያለበት ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው ምቾት ፈልጎ አይደለም። በመኪና ከሄደ ሊታገት ወይም በመንገድ መዘጋት ምክንያት ቀናት ሊያድር እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ግን ዛሬም የሚታየው ጎብኚና ነጋዴ ብቻ እንደሚጠቀምበት አገልግሎት ነው። የምጽፍላችሁም ይህ አስተሳሰብ መለወጥ ስላለበት ነው።

የባሕር ዳርን አውሮፕላን ማረፊያ በማለዳ ያየ ሰው የምለውን ይረዳል። ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ብርቅ ነው። ወንበሩን ይዞ የሚጠብቀው የሪፈር ወረቀቱንና የራጅ ፖስታውን ደረቱ ላይ ያቀፈ ታማሚ፣ አስታማሚ ልጅ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ነው። አንዲት እናት ታማሚ ልጃቸው ዘንድ ሊያደርሱት የያዙትን ጠበል ፍተሻው ላይ ይዘው መግባት እንደማይችሉ ሲነገራቸው፣ እዚያው ቆመው ፊታቸውንና እጃቸውን ተቀብተውበት የቀረውን ለፈታሿ ሲያስረክቡ አይቻለሁ። እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ የተመላለሱት በአውቶቡስ ነበር።

የየብሱን ጉዞ አደጋ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤተሰቦቻቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ሲደርሱ ታገቱ። ከሌሎች መንገደኞች ጋር የታገቱት ከመቶ እንደሚበልጡ በወቅቱ ተዘግቧል። ወላጆች በስልክ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቁ። ከዚያ በኋላ በሬውንም ሸጦ ቢሆን የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ አባት ቢኖር ማን ይፈርድበታል?

አየሩም ቢሆን ከግጭት ውጭ ሆኖ አያውቅም። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊት፣ የጎንደርና የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኩሷል። የመቀሌ በረራ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተቋርጦ ቆይቶ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ሲከፈት፣ ተነፋፍቀው የከረሙ ቤተሰቦች ማረፊያው ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ አገር ሁሉ ተመልክቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ወደ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደሴ የሚደረገው በረራ ተቋረጠ። የባሕር ዳሩና የጎንደሩ ሳምንት ያህል ቆይቶ ቢመለስም፣ ለኩላሊት ታማሚ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ማረፊያ አካባቢ ተኩስ ካለ አውሮፕላን መቆም አለበት፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። የአውሮፕላን ነዳጅም ሆነ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛና ብር ሲዳከም ወጪው እንደሚንር አይጠፋኝም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ እየተመላለሱ ሕዝብ የሚያገናኙ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖችም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ወጪው ሁሉ በታማሚና በተማሪ ጫንቃ ላይ መውደቅ የለበትም። መንግሥት የመንገዱን ጸጥታ ማስከበር እስኪችል ድረስ የሪፈር ወረቀት ለያዘ ሰውና ለአንድ አስታማሚው የትኬቱን ከፊል ዋጋ ይሸፍን። በረራ ሲሰረዝም ተሳፋሪው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይነገረው፤ ሳይቀጣ ገንዘቡን ወይም ሌላ ቀን ይምረጥ።

ታጣቂም ሆነ መንግሥት ማረፊያዎቹንና ወደ ማረፊያዎቹ የሚወስዱትን መንገዶች ከውጊያ ነጻ ማድረግ አለበት። የላሊበላው ማረፊያ ከከተማው ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውሮፕላኑ በሰላም አርፎ ያ መንገድ ከተዘጋ መንገደኛው ምን ይጠቅመዋል?

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። ተማሪው ደባርቅ ወይም ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው በራሱ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የመደበ አካል ደግሞ የማድረስም ኃላፊነት አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያና የመውጫ ቀናቸውን ቀደም ብለው ያውቃሉ። ስንት ተማሪ ከየት እንደሚመጣም መዝገባቸው ላይ አለ። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን ሰባ ያህል ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ተማሪዎችን በቡድን፣ በቅናሽ ዋጋ፣ ቀን ቆርጦ ማጓጓዝ ይቻላል። የሚጎድለው ሚኒስቴሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹና አየር መንገዱ ተቀምጠው መዋዋላቸው ነው።

ጋዜጣችሁ ይህንን ጥያቄ ለሦስቱም አካላት እንዲያቀርብልንና መልሳቸውን ቀጣዩ የተማሪዎች ምደባ ከመውጣቱ በፊት እንዲያስነብበን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር